ወደ እናቷ አልዞርም ያለው አንገት

እስቲ ጠጋ በሉ። የምነግራችሁ ነገር ከአንዲት ትንሽ ፍላጎት ይነሳና አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ይረዝማል። ሲረዝም አትሰልቹ፤ የሄደበትን መንገድ ሁሉ ይመለስበታል።

በወሎ ተራሮች መካከል ባለች ከተማ ነጃት የምትባል የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ ከድጃ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ጆሮዋ አይሰማም። እናትና ልጅ የሚነጋገሩት በእጅ ነው። ነጃት በአፏ «እማ» ከማለቷ በፊት በጣቶቿ «ወተት» ማለትን ያወቀች ልጅ ናት። ገበያ ሲወጡ ባለሱቁ ያለውን ለእናቷ በእጇ ትነግራታለች፤ እናቷ በእጇ ያለችውን ደግሞ ለባለሱቁ በአፏ ትነግረዋለች። አባቷ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቤት የሚውሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ክረምቱ በበረታበት ሰሞን የተሳፈሩበት ባጃጅ ቁልቁለት ላይ ተንሸራቶ ተገለበጠ። ከድጃ ክርኗ ተላጠ። ነጃት ግን በጭንቅላቷ ወደቀች። ሆስፒታል ወስደው ራጅ ሲያነሷት ከአንገቷ አጥንቶች አንዱ ተሰብሮ ከቦታው ሸርተት ብሎ ተገኘ። በጀርባዋ አስተኟት፤ አንገቷን በመደገፊያ አሰሩት፤ ጭንቅላቷን ግራና ቀኝ በአሸዋ ከረጢት ያዙት።

ነጃት ምግብ አልጠየቀችም፤ ቤቴ ልሂድም አላለችም። እናቷ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጣለች፤ እሷ የምታየው ግን ጣሪያውን ነው። ሌላ ልጅ ቢሆን የእናቱን ድምፅ እየሰማ ይጽናና ነበር። የከድጃ ድምፅ እጆቿ ላይ ነው፤ እጅ ደግሞ ካላዩት አይሰማም። ከድጃ ተነስታ ከበላይዋ ስታጎነብስ ይነጋገራሉ። ወገቧ ደክሞ ስትቀመጥ ነጃት ከጣሪያው ጋር ብቻዋን ትቀራለች።

«ወደ እናቴ መዞር እፈልጋለሁ» አለቻት ሐኪሟን። «ትንሽ ብቻ።»

ሐኪሟ ዶክተር ትርሲት ትባላለች፤ የአከርካሪ አጥንት ቀዶ ሕክምና የተማረች፣ ቁጥብ፣ ንግግሯ አጭር የሆነ ሴት ናት። አይቻልም ብላ አላለፈቻትም። በርጩማ ስባ ተቀመጠችና ነገረቻት። አንገት የሚዞረው አጥንቱ ሲያቆመው ነው፤ የተሰበረው አጥንት እስኪጋጠም ድረስ ያንን አንገት ማንም ሊያዞረው አይችልም። እናም አጥንቱ አልጋጠምም አለ፤ አንገቱ አልዞርም አለ።

በማግስቱ ጠዋት ከድጃ ከልጇ በላይ አጎንብሳ እንዴት አደርሽ አለቻት። ነጃት በሁለት እጇ መለሰችላት። የቀኙ እጅ እንደ ወትሮው ነው። የግራው ግን ዘገየ፤ ሁለቱ ጣቶች መታጠፍ ሲገባቸው ቀጥ ብለው ቀሩ። ከድጃ ደግመሽ በይው አለቻት። ነጃት ደገመችው። እጇ ተንተባተበ። ከድጃ ሮጣ ወጥታ ትርሲትን ክንዷን ይዛ አመጣቻት፤ የልጇን ጣቶች አንድ በአንድ እየነካች አሳየቻት።

ትርሲት ወዲያው ገባት። የተንሸራተተው አጥንት በውስጡ የሚያልፈውን ህብለ ሰረሰር እየተጫነው ነው። ዛሬ ሁለት ጣት ነው፤ ነገ እጅ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ ወዲያ ሁለቱም እጆች። ለዚህች ልጅ ደግሞ እጅ ማለት እቃ መያዣ ብቻ አይደለም። እጆቿ ዝም ካሉ ከእናቷ ጋር የምታወራበት ምላስ ጠፋ ማለት ነው። ወደ አዲስ አበባ እንዳትልካት ያን አንገት ይዞ የአንድ ቀን መንገድ አይታሰብም፤ መንገዱም ቢሆን ተራራው ተንዶ ዘግቶታል። አባትየው ከናዳው ማዶ ቀርቶ ነበር፤ በስልክ አለቀሰ፤ ከዚያም ኦፕራሲዮን እንድትደረግ ፈቀደ።

ኦፕራሲዮኑን እዚሁ መሥራት ግድ ሆነ። ትርሲት የተንሸራተተውን ትመልሳለች፤ ከልጅቷ ዳሌ ቁራጭ አጥንት ወስዳ ክፍተቱ ላይ ታስቀምጣለች። ነገር ግን አጥንት የሚገጥመው ሳይነቃነቅ ሲቆይ ነው፤ ሳይነቃነቅ የሚይዘው ደግሞ ሐኪሞች ፕሌት የሚሉት በብሎን የሚታሰር ስስ ሰሌዳ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ፕሌት ከብረት ይሠራል። ለትልቅ ሰው ብረቱ ይበጃል። የነጃት አንገት ግን ገና ያድጋል፤ ብረቱ አብሮ አያድግም፤ አንድ ቀን እንደገና ቀዶ ማውጣት ሊያስፈልግ ነው። ትርሲት ለእንዲህ ያለ ልጅ ብላ ያስቀመጠቻት ሌላ ፕሌት ነበረቻት፤ በሥልጠና በነበረችበት አገር አስተማሪዋ የሰጣት፣ እሷም እዚያ ሳለች የሠራችባት ዓይነት። ይህች ፕሌት አጥንቱ እስኪጠና ትይዘዋለች፤ ከጠና በኋላ ሰውነት ውስጥ ቀስ በቀስ ሟምታ ትጠፋለች። ብሎኖቿም እንደሷው ናቸው። ግን የተሠራችው ቀጥ ብላ ነው፤ የልጅ አንገት ደግሞ ጎበጥ ያለ ነው። በግድ ቢያጥፏት ትሰበራለች። ፕሌቷ አልታጠፍም አለች፤ አጥንቱ አልጋጠምም አለ፤ አንገቱ አልዞርም አለ።

ፕሌቷ የምትታጠፈው በሙቅ ውሃ ውስጥ ስትለሰልስ ነው። ሙቀቱ ካነሰ ትሰነጠቃለች፤ ከበዛ ትልፈሰፈሳለች፤ ስለዚህ የራሷ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አላት። በዚያ ጠዋት ግን ተራራውን የናደው ዝናብ የመብራት ምሰሶዎችንም ይዞ ወርዶ ነበር። የኦፕራሲዮን ክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ወይንሸት በከሰል እናሙቀው አለች። ትርሲት ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ውሃው በከሰል ቢሞቅ እንኳ የኦፕራሲዮኑ መብራትና ልጅቷ የምትተነፍስበት መሣሪያ በከሰል አይሠሩም። መብራቱ አልመጣም አለ፤ ውሃው አልሞቅም አለ፤ ፕሌቷ አልታጠፍም አለች፤ አጥንቱ አልጋጠምም አለ፤ አንገቱ አልዞርም አለ።

ሆስፒታሉ ከጓሮ የቆመ ጄኔሬተር አለው። ዘበኛው ቁልፉን አዞረው፤ ሞተሩ አሳለና ጠፋ። ደጋግሞ ሞከረ፤ እያሳለ ጠፋ። የሆስፒታሉ ቴክኒሺያን ከናዳው ማዶ ነው። ሞተሩ አልነሳም አለ፤ መብራቱ አልመጣም አለ፤ ውሃው አልሞቅም አለ፤ ፕሌቷ አልታጠፍም አለች፤ አጥንቱ አልጋጠምም አለ፤ አንገቱ አልዞርም አለ።

በከተማው ያንን ሞተር የሚያውቅ አንድ ሰው አለ፤ ጋሽ ይመር። ከሆስፒታሉ ዝቅ ብሎ የወፍጮ ሞተር መጠገኛ አለው። ድሮ ጄኔሬተሩን የሚጠግነው እሱ ነበር። ወይንሸት ደወለችለት። እሱም በስልክ ዘበኛውን ይህን ፍታ፣ ያንን ጥረግ እያለ ብዙ ደከመ፤ ሞተሩ ግን ያው ነው። ምነው ራስዎ ቢመጡ አለችው። ስልኩን ዘጋው። እሷ የተቋረጠ መሰላት።

ዣንጥላዋን ይዛ ወረደች። ይመር የተፈታ ሞተር ፊት ተቀምጧል፤ እጁ ግን ሥራ ላይ አልነበረም። የልጅቷን ነገር ነገረችው፤ የጣቶቿን አለመታዘዝ፣ የእናቷን አለመስማት። አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ከዚያ ልምጣ ብዬ ነበር አላት። ስልኩን እንደዘጋ ዕቃውን ይዞ ወጥቶ ነበር፤ የሆስፒታሉ በር ሲደርስ እግሩ አልታዘዘው ብሎ ተመለሰ።

ወይንሸት የማታውቀው ነገር አልነበረም፤ ሙሉውን ግን የዚያን ዕለት ሰማች። የይመር ሚስት ጦይባ የጀርባዋን እጢ ልታስወጣ እዚያ ሆስፒታል ገብታ ነበር። ይመር ከጠዋት ጀምሮ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ጠበቃት፤ ጫማዋን እንዲይዝላት ሰጥታው ስለነበር ጭኑ ላይ አድርጎት ነበር። ከሰዓት በኋላ አንድ ዘበኛ መጣና አስከሬን መውሰጃ መኪና እንዲፈልግ ነገረው። ይኸው ነው። እንዴት ሞተች፣ ምን ሆነች፣ የነገረው ሰው የለም። ከቀብሩ በኋላም አንድ ሰው ይመጣል ብሎ ጠብቆ ነበር።

«ልጅቷ ምን አደረገችኝ» አላት ይመር። «ምንም። ቂም የያዝኩም እንዳይመስልሽ። ያንን በር ሳየው ግን ያው ወንበር ላይ የተቀመጥኩ ይመስለኛል። ሐኪሟ ራሷ ጦይባ እንዴት እንደሞተች ትንገረኝ። ያን ከሰማሁ ምናልባት ከዚያ ወንበር እነሳለሁ።»

ወይንሸት ይህን ይዛ ወጣች። ይመር ከበሩ አልገባም አለ፤ ሞተሩ አልነሳም አለ፤ መብራቱ አልመጣም አለ፤ ውሃው አልሞቅም አለ፤ ፕሌቷ አልታጠፍም አለች፤ አጥንቱ አልጋጠምም አለ፤ አንገቱ አልዞርም አለ።

ጦይባን ኦፕራሲዮን ያደረገቻት ሐኪም ትርሲት ነበረች። ወይንሸት የይመርን ቃል ስትነግራት ከነጃት አልጋ ግርጌ ቆማለች። ፊቷ ተለዋወጠ። ልጅቷን ትቼ የት እሄዳለሁ አለች። ወይንሸት እኔ አልለይም አለቻት። ሌላ ሰው ይንገረው፣ የሕክምና ዳይሬክተሩ ይንገረው አለች። ወይንሸት ጦይባ ስትሞት ዳይሬክተሩ እዚያ አልነበረም አለቻት። ትርሲት ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ብዙ ከባድ ነገር ለብዙ ሰው ስትናገር የኖረች ሴት ያንን አንዱን ነገር መናገር አቅቷት በመስኮቱ ዝናቡን ታያለች። ቃሉ ከአፏ አልወጣም አለ፤ ይመር ከበሩ አልገባም አለ፤ ሞተሩ አልነሳም አለ፤ መብራቱ አልመጣም አለ፤ ውሃው አልሞቅም አለ፤ ፕሌቷ አልታጠፍም አለች፤ አጥንቱ አልጋጠምም አለ፤ አንገቱ አልዞርም አለ።

ከድጃ ከተባለው አንድም ቃል አልሰማችም። ፊት ግን ታነባለች፤ ዕድሜዋን የኖረችው ፊት እያነበበች ነው። ትርሲትን አየቻት፤ ወይንሸትን አየቻት። ከዚያ ተነስታ ከልጇ በላይ አጎነበሰችና በእጇ አንድ ነገር ጠየቀች። ነጃት ጣሪያውን እያየች በአፏ አወጣችው።

«እናቴ ሐኪሟ የፈራችው ምንድን ነው ትላለች።»

ትርሲት ዞረች። ከሌላ ሰው የምትደብቀውን ከሁለቱ መደበቅ አልቻለችም።

«አንድ ሰው ሚስቱ እንዴት እንደሞተች መስማት ይፈልጋል» አለች። «መንገር የነበረብኝ እኔ ነኝ። አልነገርኩትም።»

ነጃት ይህን ለእናቷ ልትነግር እጆቿን አነሳች። ቀኙ «ሚስት» አለ። ግራው «ሞተች» ለማለት ተነሳና መሃል ላይ ቆመ፤ አሁን ሦስት ጣት ነበር ያልታዘዛት። ከድጃ የልጇን እጅ ያዘችና የጎደለውን ቃል በራሷ እጅ ሞላችው። ከዚያ ትርሲትን ቀና ብላ አየቻት። ቁጣ አልነበረባትም። በሩን ግን በእጇ አሳየቻት።

ትርሲት ነጭ ጋዋኗን ሳታወልቅ ዝናቡ ውስጥ ገባች።

ይመር ስትገባ አይቷት ከበርጩማው ተነሳ። እሷ ተቀመጡ አላለችም፣ እሱም ተቀመጪ አላላትም። ሁለቱም ቆመው ተነጋገሩ።

«ጋሽ ይመር፣ እጢው ከትልቅ ደም ሥር ጋር ተጣብቆ ነበር» አለች። «ስለያየው ደሙ አልቆም አለኝ። ያለንን ደም ሁሉ ሰጠናት። አልበቃም። በሰመመን ውስጥ ስለነበረች አላወቀችውም፤ አልተሰቃየችም። ሲያበቃ እጇን ይዤ ነበር።»

ይመር ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም።

«ከዚያ ልነግርዎት እስከ በሩ መጣሁ። በመስታወቱ አየሁዎት። ጫማዋን ጭንዎ ላይ ይዘው ነበር። መውጣት አቃተኝ። ዘበኛውን ላክሁና ወደ ሌላ በሽተኛ ገባሁ። ነገ እሄዳለሁ አልኩ፤ ነገ ሲመጣ ደግሞ አፈርኩ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ይመር እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ፤ የሚጠረግ ነገር እጁ ላይ አልነበረም።

«ጦይባ ብርድ አትወድም ነበር» አለ በመጨረሻ። «በርዷት ነበር?»

«አልበረዳትም። በሁለት ብርድ ልብስ ሸፍነናት ነበር።»

ራሱን ነቀነቀ። ይቅር ብያለሁም፣ አላልኩምም አላለም። የመፍቻ ሳጥኑን አነሳና ወደ በሩ ሄደ። ዳገቱን አብረው ወጡ። በሆስፒታሉ በር ላይ ቆም አለ፤ ትርሲትም አብራው ቆመች፤ አላጣደፈችውም። ከዚያ ገባ።

ቃሉ ከአፍ ወጣ፤ ይመርም ከበሩ ገባ። ናፍጣው ውስጥ ውሃ ገብቶ ኖሯል፤ አውጥቶ አጠራው፤ ቱቦው ውስጥ የተቋጠረውን አየር አስተነፈሰው፤ ሞተሩም ተነሳ። ሞተሩ ሲነሳ መብራቱ መጣ። መብራቱ ሲመጣ ውሃው ሞቀ። ነጃት ተኝታ መሣሪያው ይተነፍስላት ጀመር፤ ትርሲትም አጥንቱን ወደ ቦታው መለሰች፤ ህብለ ሰረሰሩን ከጫናው አላቀቀች። ፕሌቷን ሙቁ ውሃ ውስጥ ከተተቻት፤ ለሰለሰች፤ በልጅቷ አንገት ልክ አጎበጠቻት፤ ስትቀዘቅዝ እንደታጠፈች ጠነከረች። ቃሉ ወጣ፤ ይመር ገባ፤ ሞተሩ ተነሳ፤ መብራቱ መጣ፤ ውሃው ሞቀ፤ ፕሌቷ ታጠፈች።

ይመር ሥራው ካለቀ በኋላ ወደ ቤቱ አልሄደም። ሞተሩ ቢጠፋስ ብሎ ከጎኑ ቆሞ ዋለ።

ነጃት ስትነቃ ከድጃ ከበላይዋ ነበረች። የግራ እጇን ብቻ ታያለች። ነጃት አፏ ደርቆ ነበርና «ውሃ» አለች በእጇ። ጣቶቹ ቀስ አሉ፣ ተንቀጠቀጡ፤ ግን አምስቱም መጡ። ከድጃ ከወንበሩ ላይ ተቀምጣ በጋቢዋ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች።

እዚህ ላይ ነገሩ በአንድ ትንፋሽ የሚመለስ መስሏችሁ ከሆነ፣ አልተመለሰም። ቃል በአንድ ከሰዓት ይወጣል፤ ሞተር በአንድ ከሰዓት ይነሳል፤ አጥንት ግን የራሱ ጊዜ አለው፤ ማንም ሄዶ አይለምነውም። ነጃት መደገፊያዋን እንዳሰረች ወደ ቤት ተመለሰች። ዝናቡ አባራ፤ መንገዱ ተጠርጎ አባቷ መጣ፤ ትምህርት ቤት ተከፈተ። እሷ አሁንም ቀጥ ብላ ፊት ለፊት ታያለች። እየተመላለሰች ራጅ ትነሳለች። ብረት ቢሆን ምስሉ ላይ ጥላውን ይጥልበት ነበር፤ ይህች ፕሌት ግን በራጅ ስለማትታይ አጥንቱ ከአጥንት ጋር ሲጠጋ ራቁቱን ይታያል። ትርሲት ምስሉን ወደ ብርሃን አንስታ ለእናትና ለልጅ ታሳያቸዋለች፤ ያች ጥቁር መስመር በየጊዜው ስትሳሳ ሦስቱም አብረው አዩ።

አንድ ቀን ነጃት ፕሌቷ ስታልቅ የት ትሄዳለች ብላ ጠየቀች። ትርሲት ሰውነትሽ ቀስ እያለ ይፈታታል፤ ግማሹ ውሃ ይሆናል፤ ግማሹን ትተነፍሺዋለሽ አለቻት። እስክታልቅ ግን ሳታዪው ዓመት ከዚያም በላይ ይሄዳል። ደግሞም በአንድ ቀን አትለቅሽም፤ አጥንቱ ትንሽ ሲጠነክር ትንሽ ትለቅለታለች፤ እንደገና ሲጠነክር እንደገና ትለቅለታለች። ነጃት ይህን ለእናቷ በእጇ ስትነግራት ከድጃ ብዙ አሰበች። ከዚያ አንድ ምልክት ብቻ ሠራች፤ ሕፃን ልጅ መራመድ ሲጀምር እናት እጇን ቀስ አድርጋ የምታላቅቅበትን። ነጃት ተርጉሚልኝ ብትባል ቃል አጣችለት። ትርሲትም ገብቶኛል አለች።

በጋው ከገባ በኋላ ያች ጥቁር መስመር ከምስሉ ጠፋች። ትርሲት መደገፊያውን ፈታችው። አንገቷ ነጥቶ፣ ቀጥኖ ነበር፤ ነጃትም የምትሰበር ይመስል ትንፋሿን ያዘች። ከድጃ እንደ ልማዷ ከበላይዋ ልታጎነብስ ተነሳች፤ ትርሲት ትከሻዋን ነክታ መልሳ አስቀመጠቻት። ዛሬ እሷ ወደ አንቺ ትዙር ለማለት ነው።

ቃሉ ወጣ፤ ይመር ገባ፤ ሞተሩ ተነሳ፤ መብራቱ መጣ፤ ውሃው ሞቀ፤ ፕሌቷ ታጠፈች፤ አጥንቱ ገጠመ፤ አንገቱም ዞረ።

ቀስ ብሎ ነው የዞረው፤ መጀመሪያ ግድግዳው፣ ከዚያ መስኮቱ፣ ከዚያ ወንበሩ፣ ከዚያ የእናቷ ጉልበት፣ ከዚያ እጆቿ። ከድጃ ለዚህች ሰዓት ብዙ ቃል አስቀምጣ ነበር። ልጇ ፊት ለፊት ስታያት ግን እጆቿ ጭኗ ላይ እንዳሉ ቀሩ። ቆይታ አነሳቻቸውና፣ ፀጉርሽ እኮ ተንጨባሯል፣ ማን ነው እንዲህ አድርጎ የሠራሽ አለቻት።

ነጃት ሳቀች፤ በሁለት እጇም መለሰችላት። ከዚያ ወዲያ ብዙ ተጨዋወቱ፤ ምን እንደተባባሉ ግን ልነግራችሁ አልችልም፤ ያወሩት በእጅ ነበርና፣ እኔ የምነግራችሁ የሰማሁትን ብቻ ነው።